ቀዷ የሌለብኝ ሸዋል

ሐሙስ፣ ሸዋል 4

ዘንድሮ ረመዳንን አንድ ቀን ሳላጎድል ጾምኩ። አክስቴ ዛሬ «ቀዷሽን መቼ ነው የምታወጪው?» ሲሉኝ፣ በወር አበባ ምክንያት ፈትቼ አሁን የምተካው ጾም የለም አልኳቸው። በሠላሳ ስምንት ዓመቴ የወር አበባዬ እንደቆመ፣ ሐኪሟም የሆርሞን ኪኒን እንዳዘዘችልኝ ነገርኳቸው።

«እኔም በአንቺ ዕድሜ ነው የቆመብኝ። ያን ሙቀት ያበረደልኝ አብሽ ነው» አሉኝ።

ሐኪሟ «ከቤተሰብ እንዲህ የሆነ አለ?» ስትለኝ የለም ብያት ነበር! አብሹ ከኪኒኑ ጋር ይሄድ እንደሆነም እጠይቃታለሁ።

ግን አክስቴ በየሸዋሉ፣ ረመዳን ባለቀ ቁጥር፣ ከእኛ ጋር ቀዷ ያወጡ አልነበር?

«የምን ቀዷ ነበር ታዲያ?» አልኳቸው።

«ሰው እንዳያውቅብኝ ነዋ!» ብለው ሳቁ።

እናቴም አጠገባቸው ትጾም ነበር። አላህ ይዘንላት፣ የእሷስ ቀዷ የእውነት ነበር?