የጄኔራሉ በቅሎዎች ምን በሉ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 3። ሰበታ።

ዛሬም ያው። የፊልም መኪናችንን አቁመን የት/ቤቱን መስኮቶች በጆንያ ጋረድን፣ ሾፌሩ ደበበ ጀነሬተሩን አስነሳ፣ እኔ ሸራውን ወጠርኩ። የገበያ ቀን ስለሆነ አዳራሹ ከአራት ሰዓት በፊት ሞላ። ዶሮ ታቅፈው የገቡም አሉ። ብሔራዊ መዝሙሩ ሲሰማ ቆምን፣ ተቀመጥን፣ ፊልሙ ጀመረ።

የዛሬው ዝሆን እየነዳ የበረዶ ተራራ የተሻገረው የጥንት ጦር አዛዥ ነው። ስንት ጊዜ አየሁት፤ አልሰለቸኝም። አስቀድሜ ጠላቱን የከበበበትን ስልት በጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀስት አሳየሁ። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ እኔ በማይክሮፎን በአማርኛ እላለሁ፣ ከኔ ቀጥለው ኦቦ ገለታ በኦሮምኛ ይላሉ። ኦቦ ገለታ በጎልማሳነታቸው ለጦር ሠራዊት የስንቅ በቅሎ ሲነዱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ፊልም የሚያዞረው መ/ቤታችን ለማሳያ ቀን ብቻ ይጠራቸዋል።

አንድ ነገር ላንተ ብቻ፣ ደብተሬ። አዛዡ ከውጊያው በፊት ወታደሮቹን ሲያበረታ እንግሊዝኛው ፈጠነብኝ። አንድም ቃል አልያዝኩም። ዝም ለማለት አፈርኩ። ንግግሩን ከራሴ ፈጠርኩለት፤ ስለ አገር፣ ስለ ክብር፣ ስለ እናት። ተጨበጨበ። ደስ አለኝ። ማታ ላይ ቅር አለኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 7። ሰበታ።

ከመ/ቤት ደብዳቤ። የፊልም ሥራ ለመማር ውጭ አገር የሚላክ አንድ ሰው ይፈለጋል። እጩዎቹ ሁለት ነን፤ እኔና በሌላው መኪና የሚሠራው አብሮኝ የተመረቀው ልጅ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ኃላፊው ሱሉልታ መጥተው ሥራዬን ያያሉ።

ከደብዳቤው ጋር ፎርም አለ። ኦቦ ገለታ ፊልሙ ውስጥ የሌለ ነገር ያወራሉ ብሎ አንድ ሰው አመልክቷል። ጥያቄው አንድ ነው፦ አስተርጓሚው ፊልሙ የሚለውን ብቻ ይናገራል ወይ? በጥንቃቄ የተሞላ ፎርም ለእጩነቴ እንደሚረዳኝም ተጽፏል።

ኦሮምኛ አልችልም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከጎናቸው ቆሜ አልችልም። አንድ ነገር ግን አስተውያለሁ። እኔ አንድ አረፍተ ነገር ስል እሳቸው አምስት ይላሉ። እኔ ስናገር ሕዝቡ ያዛጋል፤ እሳቸው ሲቀጥሉ ይስቃል። ቀላል ነው፣ ደበበን እጠይቀዋለሁ። የቡራዩ ልጅ ነው፣ ሁለቱንም ይሰማል።

እንቅልፍ የለም። መርከብ ነው ወይስ አውሮፕላን?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 10። ቡራዩ።

እህል መጋዘን ውስጥ አሳየን። ሠራዊቱ ተራራው ጫፍ ሲደርስ ፊልሙ ተበጠሰ። ሸራው ነጭ ሆነ፣ ጨለመ። ደበበ ፊልሙን ለመቀጠል ሲታገል ሩብ ሰዓት ሄደ። እኔ ማይክሮፎኑን አጥፍቼ ቆምኩ፤ ካለ ፊልም ምን እላለሁ? ኦቦ ገለታ ግን ቀጠሉ። በጨለማ፣ ካለ ማይክሮፎን። አንድም ሰው አልወጣም። እንዲያውም ሰው ይመልስላቸዋል፣ ይከራከራቸዋል። አንዲት ቅቤ ነጋዴ ተነስታ ተቆጣች። ቀናሁ። እውነቱ ይሄ ነው።

በመልስ ጉዞ ደበበ ነገረኝ። ኦቦ ገለታ አዛዡን ትተው ጓዙን ነው የያዙት። በረዶ ላይ ሳር የለም፣ እንስሳቱ ምን ይበላሉ? ይሄ ሠራዊት በኛ በኩል ቢያልፍ የት ታጠጡታላችሁ? አንዱ ገፈርሳ ውኃው ዳር ብሏል። ሴትየዋ የገፈርሳ ዳር ጭቃ ነው፣ እንስሳው ይሰምጣል፣ በላይ በኩል ይዙሩ ብላ ነው የተቆጣችው። ላይ ደግሞ ጠላት ቢጠብቃቸውስ አሉ። እንግዲያው ግማሹ በታች ይታይ፣ ግማሹ ተደብቆ ይዙር ተባለ።

ደብተሬ፣ ይሄ እኮ ከበባ ነው። እኔ በጠመኔ የሳልኩት፣ አንድም ሰው ያልጠየቀኝ።

ደበበ መሪውን ይዞ ይስቃል። ጄኔራል፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ለራስህ ነው የምታወራው አለኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 11።

ኦቦ ገለታ ቤት ሄድኩ። አካም ቡልተን አልኩ፤ ደበበ ያስለመደኝ ሰላምታ ነው። ሳቁብኝ፣ በርጩማ ሰጡኝ። ስለ ፎርሙ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። አልደነገጡም። አንተ አሸነፈ ትለኛለህ አሉ። ሰው ግን ምን በልቶ ነው ያሸነፈው ይለኛል። አንተ ካልነገርከኝ ምን ልበል?

አንድ ጊዜ፣ በበቅሎ ነጂነታቸው ዘመን፣ አንድ ባለ ማዕረግ አዛዥ መንገዱን በካርታ ብቻ አይቶ በደረቅ ቆላ አስነዳቸው። በሦስተኛው ቀን በቅሎዎቹ አለቁ። የተረፈውን ስንቅ ሰው ተሸከመው። አዛዡ ፈጥኖ በመድረሱ ተሸለመ። ኦቦ ገለታ የሞቱትን በቅሎዎች ዛሬም በስም ይጠራሉ፤ ቆጠሩልኝ።

ልወጣ ስል ጠሩኝ።

«ያ የሰበታው ንግግር፣ የእናት አገሩ፣ ጥሩ ነበር ልጄ። የሰውየው አፍ ግን ቀድሞህ ተዘግቶ ነበር።»

መሬት ብትውጠኝ። ካወቁ ታዲያ ለምን ተረጎሙት አልኳቸው።

«ጥሩ ነበራ።»

ዓርብ፣ ጥቅምት 13።

ፎርሙ ጠረጴዛው ላይ ነው። «አዎ» ብል ውሸት ነው፤ ኃላፊው ኦሮምኛ የሚሰማ ሰው ይዘው ቢመጡ እጋለጣለሁ። «አይናገሩም» ብል እውነት ነው፤ እኔ ልሄድ ነው፣ ሽማግሌው ከበር ሊመለሱ ነው። ጥፋቱን እሳቸው ላይ ጽፌ የራሴን ልደብቅ? ሦስቴ ተቀመጥኩ፣ ሦስቴ ተነሳሁ። እስከ ወንዙ ሄጄ ተመለስኩ። ያ የሌላው መኪና ልጅ አሁን ሻንጣውን ሳይገዛ አይቀርም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 14። ጠዋት 1 ሰዓት።

ጻፍኩት። እዚህም ልገልብጠው፣ ኋላ ፈርቼ እንዳልክድ።

«አይናገሩም። እኔም አልናገርም። ጥቅምት 3 ቀን ሰበታ ላይ የአዛዡን ንግግር ሙሉ በሙሉ ከራሴ ፈጥሬአለሁ። ኦቦ ገለታ የጨመሩት ሕዝቡ የጠየቀውን ነው፤ እኔ የጨመርኩት አለማወቄን ለመሸፈን ነው። ከሁለታችን አንዱ ይቀነስ ከተባለ ይህ ይታሰብልኝ። ኃላፊው ከመወሰናቸው በፊት ዛሬ ወንበራቸውን ከፊት አንስተው ከሕዝቡ መሀል እንዲቀመጡና ደበበ በጆሯቸው እንዲተረጉምላቸው እለምናለሁ።»

ፈረምኩ። ፖስታው ታሸገ። ጥቁር ሰሌዳውን ዛሬ አልጭንም። ኦቦ ገለታ መኪናው ውስጥ ገብተዋል፤ ደበበ ክላክስ እየነፋ ነው፣ እንጦጦን ሳይሞቅ እንለፍ ይላል። ማይክሮፎኑን መጀመሪያ ለሳቸው ነው የምሰጠው።