ግማሽ ጢማቸው ተላጭቶ ስለሞቱት አጎቴ

ይድረስ ለተከበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያው የዜና ክፍል ዋና ኃላፊ፤

እንደምን ሰነበቱ? ደህና መሆንዎን ከልቤ እመኛለሁ፤ ነገር ግን ከራስዎ አንደበት ካልሆነ በቀር ከጣቢያዎ ሰምቼ እንደማላምን በትሕትና እገልጻለሁ። እኔ ጸጉር አስተካካይ ነኝ። የሱቄ ቴሌቪዥን ከጠዋት እስከ ማታ የሚያሳየው የእርስዎን ጣቢያ ስለሆነ፣ የእኔ ምላጭና የእርስዎ ሰበር ዜና አብረው መሥራት ከጀመሩ ስድስት ዓመት ሆናቸው። ምስጋናዬንም በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ሰበር ዜናን ለሁሉም እኩል ስላደረሱ እናመሰግናለን። ድሮ ዜና በቀን ሁለቴ ነበር፤ ሰው ሰዓቱን ጠብቆ፣ ልጆቹን ዝም አሰኝቶ ይሰማ ነበር። አሁን ደመና መጣ፣ ሰበር ነው፤ ደመናው ሄደ፣ እሱም ሰበር ነው። ያ የሰበር ዜና ማብሰሪያ ከበሮ በተመታ ቁጥር ደንበኛዬ አንገቱን ስለሚጠመዝዝ፣ በሰፈራችን ጆሮው ላይ ፕላስተር የለጠፈ ሰው ካዩ የጣቢያዎ ታማኝ ተመልካች መሆኑን ይወቁልኝ።

፪. ባለፈው ማክሰኞ አጎቴን ስለገደሉልንም እናመሰግናለን። አጎቴ ሠላሳ ዓመት በራዲዮ ዜና ያነበቡ፣ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ሳያዩ ማይክሮፎን የማይጠጉ፣ ከሁለት ምንጭ ያልተረጋገጠ ወሬ አለቃ ቢቆጣ እንኳ የማያነቡ ሰው ናቸው። አንዱን ጉንጫቸውን ላጭቼ ወደ ሌላው ስዞር ከበሮው ተመታና የራሳቸው ፎቶግራፍ ብቅ አለ፤ ከሥሩም አንጋፋው ዜና አንባቢ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ የሚል ቀይ ጽሑፍ ይሮጣል። ምንጫችሁ ለካ አንድ የድሮ ራዲዮ ናፋቂ ፎቶግራፋቸውን አያይዞ በስልኩ «እንዲህ ያለ ድምፅ ዛሬ የት ይገኛል» ብሎ የለጠፈው ኖሯል!

እኔ ኧረ በሕይወት አሉ ብዬ ብጮህ፣ አጎቴ የሳሙናውን አረፋ ሳይጠርጉ ቀና ብለው፣ «እሺ፣ አንተ አንድ ምንጭ ነህ። ሁለተኛውስ?» አሉኝ። መስታወት ባሳያቸው ገለልተኛ አይደለም አሉ። ወሬውን ሰምተው እየሮጡ የመጡት አክስቴ ሁለተኛ ምንጭ እሆናለሁ ቢሉም የቤተሰብ ወገንተኝነት አለባቸው ተብለው ውድቅ ሆኑ።

፫. ማስተባበያ ስንጠይቅ ቢሮዎ ስለሰጠን ፈጣን መልስ ደግሞ ምስጋናችን ወሰን የለውም። ሰው መሞቱ እንጂ መኖሩ ሰበር አይሆንም ተባልን። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጎቴ ጣቢያው ካላስተካከለ የቀረውን ጢም አላስነካም ብለው፣ በግማሽ ጢም ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጠው መኖራቸውን ይጠባበቃሉ። እኔን የሚያንገበግበኝ መሳቁ ራሱ ነው፤ ደንበኛው ሁሉ ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፤ ዕድሜ ልካቸውን ዜና አይዋሽም ብለው የኖሩት ሰውዬ ግን አይስቁም።

የምንለምንዎ ከበሮ የማያስፈልጋት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ አሉ፣ ደህና ናቸው።

ከምላጬና ከጣቢያዎ የትኛው ይበልጥ እንደሚያቆስል እስካሁን ያልለየለት፣ መሞታቸው የተነገረ መኖራቸው ያልተጣራ ሰው የወንድም ልጅ፣

አክባሪዎ ጸጉር አስተካካዩ

ማሳሰቢያ፦ ከኃላፊነትዎ ሊነሱ ነው የሚል ወሬ ትናንት ሱቃችን ገብቷል። ደንበኞቼ ለአገር ሊያወሩት ሲሉ አጎቴ ተቆጥተው፣ ከሁለተኛ ምንጭ ሳይጣራ ማንም ትንፍሽ እንዳይል አዘዋል። እስካሁን ያረጋገጠልን ሾፌርዎ ብቻ ስለሆነ፣ አይስጉ።