ሦስት ማንኪያ ስኳር

ወንዳፍራሽ፣

ሱሉልታ ሥራዬ አጠገብ ቤት ተከራይቼ ወጥቻለሁ። አትደውልልኝ።

ኢንሱሊንህ ፍሪጁ በር ላይ ነው። መብራት ከጠፋ በላስቲክ ጠቅልለህ እርጥብ አሸዋ ያለበት ማሰሮ ውስጥ አስቀምጠው። ምስርና ጎመን ሠርቻለሁ፣ ለሁለት ቀን ይበቃሃል። ሽንኩርቱን እንደምትወደው አብዝቼበታለሁ። ከአንድ እንጀራ በላይ እንዳትበላ። ከዚያ በኋላ ራስህ ሥራ፣ እጅ አለህ።

እግርህንም ራስህ እየው። እኔ አጎንብሼ ቁስል መፈለግ ሰልችቶኛል።

ትናንት ልታገባት ያሰብካትን ፀደንያን ልናይ ቤታቸው ስንሄድ፣ በሽታህ እንዳይታወቅብህ እናቷ ፊት ሻይህ ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመርክ። ቤት ስንገባ የስኳር መለኪያው ከአራት መቶ በላይ አለ። አንተ ግን የጠየቅከኝ "አወቁብኝ እንዴ?" ብለህ ነው።

አራት ዓመት ሙሉ በየሰው ቤት "ጾም ላይ ነው" እያልኩ ዋሸሁልህ። ስኳር እንዳለብህ ከሚታወቅ እግርህ ቢቆረጥ ትመርጣለህ። የተቆረጠ እግር በምን ሊደበቅ ነው?

ዛሬ ጠዋት ሄጄ ለፀደንያና ለእናቷ ነገርኳቸው። ምን እንዳሉ ራስህ ጠይቃቸው። ለእድሩ ሴቶችም ነግሬያለሁ። የእኔን ቁልፍ ራቢአ ሱቅ ትቼልሃለሁ፤ እሷም ከእንግዲህ ለስላሳ አትሸጥልህም።

"ካወራሽ እህቴ አይደለሽም" ብለኸኝ ነበር። እሺ፣ አይደለሁም።

ግን ከዛሬ ጀምሮ ቡራዩ ውስጥ ሻይህ ላይ ስኳር የሚጨምርልህ ሰው አታገኝም።

የሺሃረግ