ጠበቃው ሐሙስ መጣ

ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ መረቤን እጠግናለሁ፣ ዓሣዬን እጠብሳለሁ፣ ይህንንም ማንንም ሳልለምን በእጄ ጻፍኩ። ስለዚህ ልጄ ኤኩዋ፣ ለእኔ አትስጊ፤ ሰላምታዬ ኩማሲ ድረስ ለአንቺና ለልጆችሽ ይድረስ።

ያ ጠበቃ ዳድዚ «ለምክር ቤት ምረጡኝ» ብሎ መጣልሽ። ችሎት ላይ እንደ ጠበቆቹ ልማድ ከፈረስ ጭራ የተሠራ ጸጉር በራሱ ላይ ደፍቶ ለእንግሊዙ ዳኛ ሲያጎነብስ የኖረ ሰው፣ ዛሬ እንደኛ ጨርቅ በትከሻው ጥሎ «እኔም የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነኝ» ይላል። የመጣው ግን ሐሙስ ነው! ባሕሩ የሚያርፈው፣ ታንኳ የማይወጣው ማክሰኞ መሆኑን ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቃል። ዳርቻው ላይ የነበርነው ፍየሎቹና እኔ ብቻ ነን።

«አባባ፣ ሕዝቡ የት ሄደ?» አለኝ።

«አባትህ ሐሙስ ሐሙስ የት ይሄድ ነበር?» አልኩት።

ከኋላው ጥላ ይዞለት የቆመው አሽከሩ ሳቁን መያዝ አቃተው። ሰውዬው ግን ጠበቃ አይደል? «ታዲያ እርስዎ ለምን ቀሩ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«መረብ እየጠገንኩ» አልኩት።

መረቡ ከታንኳው ጋር ባሕር ላይ ነው። ባዶ እጄን አየና ዝም አለ። ከንግግሩ ሁሉ ያልወደድኩለት ይህንን ዝምታውን ነው።

በይ ደህና ሰንብቺ፣ ፈጣሪ ይጠብቅሽ። ለመምጣት አትድከሚ። ወንድምሽም ዕዳዬን እንዳይነካብኝ፣ ራሴ እከፍላለሁ፤ ባለፈው ወር ከውኃ ስቦ ላወጣኝ ለክዌኩ አንድ ጠርሙስ ጂን፤ ለእናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ መቃብሯ አጠገብ ልተክልላት ቃል የገባሁላትን ኮኮናት፤ ለዳድዚ ደግሞ፣ ለዚያ ዝምታው፣ አፍ የሚያስይዝ መልስ፤ እሱንም ከታንኳዬ ላይ ሆኜ።

አባትሽ ኮጆ