ራጁ፦ ሠላሳ አንድ ዓመት በፋብሪካ በር ላይ የፈተሹት አባታችን

አባታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ለቤቱ አራተኛ ልጅ ሆነው፣ ከጨርቅ ፋብሪካው ጀርባ ባለው የሠራተኞች ሰፈር ከሰባ ስድስት ዓመት በፊት ተወለዱ። እናታቸው በሕይወት ሳሉ ይናገሩ እንደነበረው፣ ገና በጨቅላነታቸው ላቀፋቸው ሰው ሁሉ አይስቁም ነበር። መጀመሪያ እንግዳውን ትክ ብለው ያዩታል። ልባቸው ከወደደው ይስቃሉ፤ ካልወደደው ደግሞ ተሰናብቶ እስኪወጣ ድረስ ዓይናቸውን አይነቅሉበትም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። አራተኛ ክፍል ሳሉ የክፍል አለቃ ተደርገው ነበር። ሹመቱ የቆየው ሦስት ሳምንት ብቻ ነው፤ የሚያረፍዱትን ስም መዝግብ ሲባሉ መምህሩንም አብረው መዘገቧቸው። እንዴት እንዲህ ታደርጋለህ ተብለው ሲጠየቁ፣ «አርፍደዋላ!» ብለው መለሱ። በዚህ ጉዳይ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተጸጸቱም።

በሃያ ሁለት ዓመታቸው በጨርቅ ፋብሪካው በጫኝነት ተቀጠሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ በዋናው በር ፈታሽ ሆነው ተመደቡና በዚያው በር ሠላሳ አንድ ዓመት አገለገሉ። የሥራቸው አካሄድ ለብቻው ነበር። ሌሎች ፈታሾች ኪስ ይዳብሳሉ፣ ቦርሳ ይበረብራሉ፤ አባታችን ግን ሠራተኛው ሃያ እርምጃ ሲቀረው አረማመዱን አይተው ይጨርሱ ነበር። ዕቃ የደበቀ ሰው ፊቱን ያሳምራል እንጂ እግሩ ትዝ አይለውም ይሉ ነበር። «አንተ፣ ዛሬ ግራ እግርህ ምን ሆነ?» ካሉት ሰውየው አለቀለት ማለት ነው። ልብስ ሳያስወልቁ ውስጥ ያያሉ ብሎ ሠራተኛው «ራጁ» የሚል ቅጽል አወጣላቸው። እሳቸውም ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ፤ በልባቸው ግን ደስ ብሏቸው ነበር።

በሠላሳ ዓመታቸው በዚያው ፋብሪካ የድር ክፍል ሠራተኛ ከነበሩት እናታችን ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። እናታችን እየሳቁ ያወሩ እንደነበረው፣ የጋብቻ ጥያቄያቸው «ሁለት ዓመት ሙሉ ስትገቢም ስትወጪም አይቼሻለሁ፤ አንዲት ቀን እንኳ አረማመድሽ አልተለወጠም» የሚል ነበር። ከዚህ የተሻለ የፍቅር ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም፤ እናታችንም ከዘጠኝ ዓመት በፊት እስኪለዩን ድረስ በዚሁ ቃል ተደስተው ኖሩ። አባታችን ቤት ውስጥ ፈትሸው አያውቁም። የሚስታቸውን ቦርሳ፣ የልጆቻቸውን ኪስ አንድ ቀን አልነኩም። ቤቴን ካላመንኩማ ምኑን ኖርኩት ይሉ ነበር።

በሥራ ዘመናቸው እጅ ከፍንጅ ከያዟቸው መካከል አንዱ እዚህ መነሣት አለበት። ጠዋት ሸንቃጣ ሆኖ የገባ አንድ ጫኝ ማታ ቦርጭ አውጥቶ ሲወጣ አስቆሙት። ሸሚዙን ቢገልጡት ክር ከወገቡ እስከ ደረቱ ተጠምጥሞበታል። ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ፤ ሰውየው ግን በማግሥቱ ከሥራ ተባረረ። አባታችን ሥራዬን ሠራሁ ብለው ነገሩን እዚያው ተዉት፤ በሃምሳ አምስት ዓመታቸውም ጡረታ ወጡ።

ከስምንት ወር በፊት አንድ ጠዋት ሸሚዛቸውን ሲቆልፉ ግራ እጃቸው ቁልፉን አልይዝ አለ። ወዲያው ግራ እግራቸው ከዳቸው። ስትሮክ ነበር። ሆስፒታል ሁለት ሳምንት ከቆዩ በኋላ፣ መራመድ እስኪችሉ ተብሎ ተኝቶ ማገገሚያ ማዕከል ገቡ። ማዕከሉ በረጅም ኮሪደር ግራና ቀኝ የተደረደሩ ክፍሎች አሉት፤ ግድግዳው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የእጅ መደገፊያ ብረት ተገጥሟል። ማለዳ የደም ግፊት ይለካል። ከቁርስ በኋላ የእግር ልምምድ፣ ከምሳ በኋላ የእጅ ልምምድ አለ። የእጁ ልምምድ ሃያ የልብስ መቆንጠጫ ከገመድ ላይ ነቅሎ መልሶ መሰካት ነው። አባታችን ገና በሁለተኛው ቀን መቆንጠጫዎቹ አሥራ ዘጠኝ መሆናቸውን ደርሰውበት አቤቱታ አቀረቡ።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሊያጥባቸው የገባው አስታማሚ፣ ጉድ በሉ፣ ያ ክር የተጠመጠመበት ሰውዬ ነበር። ጸጉሩ ሸብቷል፣ ቦርጩም አሁን የራሱ ሆኗል። «ጋሼ ራጁ! ረሱኝ እንዴ?» አላቸው። ዓይኔን ግንባር ያድርገው አላውቅህም ብለው ካዱት። በዚያው ሳምንት ግን ልትጠይቃቸው የመጣችውን ታናሽ ልጃቸውን ጎተት አድርገው፣ «ይኸ ሰውዬ ቀን ሲጠብቅ ኖሮ ነው፤ ይኸው እጁ ገባሁለት» አሏት። ከዚያ ወዲያ አስታማሚው ቀድሞ ሳይቀምስ ሾርባ አይጠጡም ነበር። እሱም ሁለት ሦስት ማንኪያ ፉት ይልና «ጋሼ፣ ሌላ ነገር የለበትም፤ ጨው ብቻ አንሶታል» ይላቸዋል። አይስቁለትም።

የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቤታቸው መመለስ። ፊዚዮቴራፒስቷ ገና ሲገቡ «ቤትዎ ስንት ደረጃ አለው?» ብላ ጠይቃቸው፣ አሥራ አንድ ነው ብለዋት ነበር። «እንግዲያው አሥራ አንድ ደረጃ ብቻዎን የወጡ ዕለት ቤትዎ ይገባሉ» አለቻቸው። ይህን ቃል ይዘው ጥርሳቸውን ነክሰው ሠሩ። መጀመሪያ በሁለት ብረቶች መካከል ቆሙ፤ ከዚያ ባለ አራት እግር መራመጃ ይዘው ኮሪደሩን ፈጁት። በአራተኛው ወር አሥራ አንዱን ደረጃ ብቻቸውን ወጡ። ላይ ሲደርሱ ላባቸው በጀርባቸው እየወረደ፣ «ሻንጣዬን አምጡ» አሉ።

ሻንጣው አልመጣም። መውረዱም ይታይ ተባለ፤ ወረዱ። ግፊትዎ ይረጋጋ ተባለ፤ ተረጋጋ። ከዚያ ዶክተሩ ፈቃድ ላይ ናቸው ተባለ። አባታችን ነገር ሸተታቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰበብ ሲሰሙ የኖሩ ሰው ናቸውና ይኸ ሁሉ ሰበብ በአንድ ሰው ካልታዘዘ አይደረደርም አሉ። ያም ሰው በእሳቸው ቤት አስታማሚው ነበር። ልጃቸውን በጠየቁ ቁጥር «አባዬ፣ ማንም ምንም አላደረገህም፤ በሽታው ነው እንዲህ የሚያስጠረጥርህ» ትላቸዋለች። ፋይላቸው ላይም «ጥርጣሬ ያበዛሉ» ተብሎ ተጻፈና ለዚሁ የምትሆን ትንሽ ክኒን ታዘዘች።

ክኒኗን ጉንጫቸው ውስጥ እየያዙ ካልሲያቸው ውስጥ ያጠራቅሙ ጀመር። አንድ ጠዋት አስታማሚው ሲያለብሳቸው አሥራ አራት ክኒን መሬት ላይ ተበተነ። «ጋሼ ይሙቱ! እንደ እኔ ወገብዎ ላይ ቢጠመጥሙት ይሻልዎ ነበር» ብሎ ሳቀና ለቅሞ ጣለው፤ ለማንም አልተናገረም። ይኸ ደግሞ ይብሱን አስጠረጠራቸው። እንዴት ነው ጠላቴ ይዞኝ ዝም የሚለው፣ የከፋ ነገር ቢያስብልኝ ነው እንጂ ብለው ለዋናዋ ነርስ ከሰሱት። አስታማሚው ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ።

በዚህም አላረፉም። አንድ ቀን የሠራተኛ መውጫ ሰዓት ላይ መራመጃቸውን ይዘው ከክፍላቸው ወጡ። ኮሪደሩን ጨርሰው፣ ግቢውን አቋርጠው፣ ሁለት ጊዜ ብቻ ቆመው ዋናው በር ደረሱ። ከታመሙ ወዲህ ይህን ያህል ተራምደው አያውቁም። የመጡት አስታማሚውን ሲወጣ ቆመው አረማመዱን ሊያዩ ነበር። ዘበኛው የሙያ አጋር መሆናቸውን ሲሰማ ወንበር ሰጣቸው፣ ጨዋታ ያዙ፣ አባታችንም እንደ ባለሙያ መዝገቡን ላገላብጠው አሉ። የመጀመሪያው ገጽ «ታካሚዎች» ይላል፤ ስማቸው የለም። ሦስተኛው ገጽ «ያለ ቤተሰብ ፊርማ የማይወጡ ቋሚ ነዋሪዎች» ይላል። ስማቸው እዚያ አለ። እዚያ ከተጻፈ ሦስት ወር ሊሞላው ነው። የፈራሚው ስም የታናሽ ልጃቸው ነው።

ታላቅ ልጃቸው ከሕይወት ታሪካቸው ይህ ቦታ «በማዕከሉ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» በሚል እንዲታለፍ ለምኖ ነበር። ይህን ጽሑፍ የጻፈችው ታናሽ ልጃቸው ስለሆነች ግን አልተስማማችም። ፈርማለች። ወንድሟ የሚኖረው በሌላ ከተማ ነው፤ እሷ ጠዋት ከቤት ወጥታ የምትመለሰው ሲመሽ ነው። አንድ ቀን ስመጣ ከደረጃው ሥር ወድቀው ባገኛቸውስ የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ነስቷት ነበር። ወንድሟ በስልክ «ይሻላል» አላት፣ እሷም ይሻላል አለች። ለእሳቸው ለመንገር ድፍረት አጣችና፣ ለጊዜው እንዳይነገራቸው ዋናዋን ነርስ ለመነች። ሰበቡን ሁሉ ያዘዘችው እሷ ናት። በሽታው ነው የሚያስጠረጥርህ ስትላቸው እውነቱን ታውቅ ነበር።

የዚያን ዕለት አስታማሚው ከሥራ ወጥቶ በሩ ጋ ሲደርስ አባታችንን አያቸው። ምንም ሳይሉት ቆመና ቦርሳውን ከፈተ፣ እጆቹን ወደ ላይ አነሣ። አባታችን በደኅናው እጃቸው ዚፑን ዘጉለት። «ተሳስቻለሁ፤ ነገ ወደ እኔ ክፍል ተመለስ» አሉት። ይህን ለቤተሰቡ የነገረው ራሱ አስታማሚው ነው፤ ሲነግርም አለቀሰ።

በሚቀጥለው እሑድ ልጃቸው ፍራፍሬ ይዛ መጣች። አባታችን ወንበራቸው ላይ ቀና ብለው ከበሩ እስከ አልጋው ድረስ እግሯን አይተዋት ነበር። «ቦርሳሽን ክፈቺ» አሏት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። አልሳቁም። ከፈተችው። አንድ በአንድ አውጥተው አልጋው ላይ ደረደሩት፦ ማበጠሪያ፣ መነጽር፣ የቤት ቁልፍ። ከዚያ መልሰው ከተቱት፣ ቁልፉንም ጭምር። «የሰውን ልጅ ሁሉ ፈትሼ የራሴን ልጅ ዘለልኩ» አሏት።  

በሦስተኛው ቀን ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ ወደ ቤት አመጣቻቸው። አሥራ አንዱን ደረጃ ማንም ሳይነካቸው ወጡ። ልጃቸው የፈረመችበትን ወረቀት ፊታቸው ቀደደችው። «ኮፒ የለውም?» አሉ። ኮፒ ነበረው፤ ማዕከሉ ፋይል ውስጥ። ደውላ እንዲሰረዝ አደረገች፣ መሰረዙንም በጽሑፍ አስልካ አሳየቻቸው፤ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩና መለሱላት።

በቤታቸው አሥራ ዘጠኝ ቀን ኖሩ። በደንብ በሉ፣ ግፊታቸው ደኅና ነበር፣ አስታማሚው ከሥራ ሲወጣ እየመጣ ያለማምዳቸው ነበር፤ የሰጣቸውንም ሾርባ ሳያስቀምሱ ይጠጡ ጀመር። ሻንጣቸውን ግን አልፈቱም። ልብሳቸው እንደታጠፈ በውስጡ ቆየ፣ ሻንጣውም ከአልጋቸው እግር ሥር። ውጭ መኪና በቆመ ቁጥር ጨዋታቸውን አቋርጠው ያዳምጣሉ። ልጃቸው ሁለት ጊዜ ልብሱን ቁም ሣጥን ውስጥ ልስቀልልህ ብላ ነበር። «ይቅር፣ አትልፊ» አሏት። የተናገሩት በቁጣ አልነበረም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

ባለፈው ሰኞ ማለዳ ልጃቸው ቁርስ ይዛ ስትገባ አባታችን አልጋቸው ጠርዝ ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። ኮታቸውን ለብሰዋል። ጫማቸውን አድርገዋል፤ የግራውንም ክር አስረውታል። ሁለተኛ ስትሮክ እንደነበረ ሐኪሙ ተናግሯል። ሊወስዳቸው የመጣ ማንም አልነበረም። በዚያ ቀን ብቻ አይደለም፣ ከእንግዲህም ማንም አይመጣም ነበር። ልጃቸው ይህን አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ነገረቻቸው፤ አላመኗትም፤ እንዲያምኗትም የሚያደርግ ነገር አልነበራትም።

አባታችን የሁለት ልጆች አባትና የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። ዛሬ አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ አስታማሚያቸው ነው፤ ቤተሰቡ ምስጋናውን የሚያቀርበው ከሁሉ አስቀድሞ ለእሱ ነው። ለሸኛችሁንም ሁሉ እግዜር ይስጥልን።

ፈጣሪ የአባታችንን ነፍስ፣ ይነሡና ይሂዱ የሚላቸው በሌለበት ቦታ ያሳርፍልን።