ስምንት የሱፍ፣ ሁለት የጋቢ

እሑድ፣ ጁን 1፣ ጠዋት 4:00
የሳጥኑ ቆዳ አሁንም የመታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ተነክሯል። ሰሎሞን ሻወር መውሰድ አልቻለም። ሚስቱ የባሕር ወንበዴ መሆኗን ለሥራ ባልደረቦቹ እንዴት እንደሚያስረዳ ይጠይቀኛል። ይቀልድ። አንቺ ብቻ አትሳቂብኝ፣ ማስታወሻዬ።

ጁን 14፣ ቅዳሜ፣ የታሪክ ማኅበራችን ሐይቁ ውስጥ ባለው ደሴት ላይ የባሕር ወንበዴዎቹን ዘመን በትርኢት ያሳያል። መድፉ አሥር ጊዜ ይተኮሳል፤ ባሩድ ብቻ፣ ጥይት የለውም። የባሩዱ ሳጥን ተሸካሚ እኔ! ሳጥኑ እንደ ጥንቱ መሆን አለበት፦ ክብ እንጨት፣ ቆዳ የለበሰ፣ የመዳብ ምስማር። ብረት ብልጭታ ስለሚያመጣ ክልክል ነው። ክዳኑ በመሸከሚያው ገመድ ላይ ወደ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይለያይም። በአንድ ጊዜ አንድ የባሩድ ከረጢት ብቻ።

ቆዳ ያልለበሰውን ሳጥን አቅፌ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ዓይኔን ስጨፍን የሰፈራችን የስፖንጋ ፎቆች ቀስ ብለው ይንሳፈፋሉ። እኔ፣ ባሕር በሥዕል ብቻ እያየሁ ያደግሁት።

ረቡዕ፣ ጁን 4፣ ማታ 2:00
ፀሐይ አልጠለቀችም፣ የስዊድን በጋ ነው። ኪስታ ያለው ቢሮዬ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጬ የማየው የመርከብ ሸራ ነው። ማታ የባሩድ ከረጢቶቹ ስፌት። ሱፉ ስምንት ከረጢት ላይ አለቀ። ሁለቱን ከአሮጌው ጋቢያችን ቀድጄ ሰፋሁ። ታጥቦ ታጥቦ ለስልሷል፣ ነጭ ነው፣ በእጅ የተፈተለ ነው። ከዚህ በላይ ጥንታዊ ከየት ይመጣል? አሥሩን ደረደርኳቸው። የቱ የቱ እንደሆነ ለራሴም ጠፋኝ። ኮራሁ።

እሑድ፣ ጁን 8
መድፈኛችን ዮራን መጡ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ የባሩድ ፈቃዱ፣ ቲልስቶንዱ፣ በእሳቸው ስም ነው። ሳጥኑን አገላብጠው አዩ፣ ማግኔት አስጠጉበት። ብረት የለም። ጥሩ እጅ አለሽ አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ይቺን ቃል ይዤ ዞርኩ። ከረጢቶቹን ባሩድ ሞልተው በመጋዘናቸው ሊያስቀምጡ ወሰዱ።

ሌላ ዜና፦ ባሩዱን በዘንግ ወደ መድፉ አፍ የሚጠቀጥቀው ሰው ወገቡን ታመመ። ሰሎሞን ሊተካው እሺ አለ! ያ ሁሉ ቀልድ የት ሄደ? ሳሎን ውስጥ በመጥረጊያ እንጨት ይለማመዳል።

ረቡዕ፣ ጁን 11
ዮራን ወደ ደሴቱ ስለሚወስደን መርከብ ሰዓት ደወሉ። በዚያው፣ ጥንት ለምን ሱፍ ይመርጡ እንደነበር ጠየቅኳቸው። እንዲሁ ለወሬ። ሱፍ ተቃጥሎ ይጠፋል፤ ጥጥ ግን መድፉ ውስጥ ፍም ሆኖ ይቀራል፤ ቀጣዩ ባሩድ በላዩ ሲጠቀጠቅ ሊፈነዳ ይችላል፤ እጅ የሚሄደው ያኔ ነው አሉ።

ጋቢ ጥጥ ነው።

ከሁለቱም ጨርቅ ቁራጭ ወስጄ እቃ ማጠቢያው ላይ ለኮስኩ። ሱፉ እንደ ፀጉር ሸተተና ጠፋ። የጋቢው ነበልባል ከጠፋ በኋላም ቀይ መስመር ዝም ብላ ትሄዳለች፣ ትሄዳለች። ታምራለች። ሳሎን ሰሎሞን በስዊድንኛ ይቆጥራል፦ ኤት፣ ትቮ፣ ትሬ።

ሐሙስ፣ ጁን 12
አልተናገርኩም። መድፉ በየመሀሉ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፣ ምንም አይሆንም፣ ብዬ ለራሴ እነግራለሁ። ብናገር ተኩሱም ይቀራል፣ ሳጥኑንም ይወስዱብኛል። ባሩድ ላይ የተሳሳተ ሰው በዚያ ዓመት አይሸከምም፤ ደንባቸው ነው።

የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ቱነልባናው፣ ውስጥ እንቅልፍ ወሰደኝ። ውሃ ላይ እሄዳለሁ፤ ሳጥኑ ደረቴ ላይ ነው፣ ይሞቃል። መውረጃዬን አሳለፍኩ።

ሰሎሞን ለምን እራት አትበዪም አለኝ። ደክሞኝ ነው አልኩት። ዋሸሁት።

ዓርብ፣ ጁን 13፣ ጠዋት 1:00
ደወልኩ። የጋቢውን ነገር ለዮራን ነገርኳቸው። ስንት ናቸው? ሁለት። የትኞቹ? አላውቅም። እንግዲያው አሥሩም ይራገፋሉ፤ ነገ መድፍ የለም አሉ። አልተቆጡም። ከተኩሱ በኋላ ቢሰሙት ይብስ እንደነበር ተናገሩ፣ ሳጥኑን ግን ዘንድሮ ሌላ ሰው ይይዘዋል። እሺ አልኩ። አለቀስኩም።

ከዚያ ለሰሎሞን ነገርኩት። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

«ከረቡዕ ጀምሮ ስለማመድ ታዪኝ ነበር» አለኝ።

ጫማውን አድርጎ ወጣ። እውነቱን ነው። ስለ ሳጥኑ ሳስብ ነው ሁለት ቀን የዋልኩት፤ ስለ እጁ አይደለም። ይህን ሳልጽፈው ላልፍ ነበር።

ማታ 4:30
አልተመለሰም። ከመስኮቱ ሐይቁ አይታይም፣ ጭጋጉ ግን እዚህ ድረስ መጥቷል። ነገ ደሴቱ እሄዳለሁ፣ ባዶ እጄን። ማኅበርተኞቹ ፊት ቆሜ መድፉ ለምን እንዳልተተኮሰ እኔው እናገራለሁ። እሱ አብሮኝ ይምጣ አይምጣ አላውቅም። የመርከቡን ትኬት ሁለት ቆረጥኩ። በሩ ላይ ቁልፍ ሲዞር ሰማሁ።