አርብ አርብ የገለበጡት ዲስክ

ውድ ጋሼ፣

እንዴት ሰነበቱ? ከሄዱ ስድስተኛ ሳምንትዎ ነው፤ እኔም ልነግርዎ የሚገባኝን ይዤ ስድስተኛ ሳምንቴ።

ሰኞ ጠዋት የሁሉም ሰው ማህደር የሚቀመጥበት ሰርቨር ሥራ አቆመ። ሁለቱ ዲስኮች ተያይዘው ሞቱ። የሕንፃ ንድፎቹ ሌላ ማሽን ላይ ስለሚቀመጡ ተርፈዋል። የሠላሳ ስምንቱ ሠራተኞች ፕሮፋይል ግን የለም፤ ደብዳቤያቸው፣ ማስታወሻቸው፣ ለዓመታት እንደየእጃቸው ያበጁት ገጽ፣ ሁሉም ባዶ። ጸሐፊዋ እትዬ ስክሪናቸውን እያዩ፣ «ሃያ ዓመት የሠራሁበት ቤት ዛሬ ማን ነሽ አለኝ» አሉ።

«አይዞዎት እትዬ፣ ለምሳ ይደርሳል» አልኳቸው። በየቀኑ በራሱ ቅጂ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ጭኜ የለ? ሁሌም አረንጓዴ ምልክት ያሳየኝ ነበር። ስከፍተው ማህደሮቹ ስም ብቻ ናቸው፤ ውስጣቸው ምንም የለም። አምስት ሳምንት ሙሉ አንዱን እንኳ ከፍቼ አላየሁም ጋሼ።

እርስዎ አርብ አርብ ሁሉንም በዲስክ ገልብጠው፣ የአንዱን ሰው ማህደር በዕጣ ያወጡና አሮጌው ማሽን ላይ ከፍተው ባለቤቱ ድረስ ይሄዱ ነበር። «ና እስቲ፣ ይኼ ያንተ ነው?» ይላሉ። እኔ ወሬ ፍለጋ ይመስለኝ ነበር። ይባስ ብዬ ለሥራ አስኪያጁ ባቀረብኩት ሪፖርት ላይ «ይህ ሥራ በፕሮግራም ስለሚተካ ሰው አያስፈልገውም» ብዬ ጻፍኩ። በወሩ ጡረታዎ ከጊዜው ቀድሞ መጣ። ሲሰናበቱኝ እጄን ጨብጠው «በርቺ» አሉኝ። ያኔ መናገር ነበረብኝ፤ አንገቴን ደፋሁ።

የመጨረሻውን አርብ ዲስክ መሳቢያዎ ውስጥ በፎጣ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ሰካሁት፤ ሁሉም አለ። ግን ምን ነክቶዎት ነው ማህደሮቹን በሠራተኛ ቁጥር መሰየሙን ትተው ለየሰዉ ባወጡት ቅጽል ስም የሰየሟቸው?

ምን ላድርግ፣ የሰው ደብዳቤ ከፍቶ ማንበብ ነውር ነው፤ ክፍል ለክፍል ዞርኩ። ነዳፊዎቹ በር ላይ ቆሜ «‹ነገ እጨርሳለሁ› ማን ነው?» ስል ሁሉም ሳይነጋገሩ መስኮቱ ዳር ወደተቀመጠው ሰው ጠቆሙ። ሰውየው ቀና ሳይል፣ «እስቲ ላስብበት፣ ነገ ልንገርሽ» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ደግሞ «ፉጨት» መባላቸውን ሲሰሙ፣ «ይኼ ሰውዬ! እኔ ማንም የሚሰማኝ አልመሰለኝም» አሉ።

ማክሰኞ ከሰዓት ሠላሳ ሰባቱ ተመለሱ። የአምስቱ ሳምንት ሥራ ግን አልተመለሰም፤ ለእሱ እያንዳንዱ ጠረጴዛ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። የቀረው ማህደር «በር ዝጋ» ይላል። ወደ ሥራ አስኪያጁ ክፍል ገባሁና ስክሪኑ ላይ አሳየኋቸው።

«ይኼ እኔ ነኝ?»

«ሌላ ሰው አልቀረም።»

ተነሡና በሩን ሊዘጉ ሄዱ። እጀታውን እንደያዙ ምን እያደረጉ እንደሆነ ገባቸው፤ ትንሽ ቆመው፣ ዘጉት።

«ጎበዝ ነሽ» አሉኝ ተመልሰው ሲቀመጡ። «የሙከራ ጊዜሽ እዚህ ላይ ይብቃ። ቋሚ ነሽ።»

ስንት ቀን የተመኘሁት ቃል ነበር። «ያዳነን የእኔ ሥራ አይደለም» አልኳቸው። «የእኔ ቅጂ ባዶ ነበር። ያዳነን የጋሼ ዲስክ ነው። ሰው አያስፈልገውም ብዬ የጻፍኩትም ስህተት ነው።»

«ለምን ነገርሽኝ? እኔ መች አውቅ ነበር?»

«ነገ ደግሞ ሲወድቅ ምን ልልዎ ነው?»

ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ ሲያንከባልሉ ቆዩ። «እንግዲያው የሙከራ ጊዜሽ ይቀጥል፤ ቋሚነቱ ሦስት ወር ይቆይ።»

«ይቆይ። ግን ጋሼ በሳምንት አንድ ቀን መጥተው ያስተምሩኝ።»

«እኔ እፈቅዳለሁ። ሄደሽ መጠየቅ ግን ያንቺ ፋንታ ነው፤ ያስወጣሻቸው አንቺ ነሽ።»

ይኸው እየጠየቅሁዎ ነው። በአካል ያልመጣሁት ፈርቼ አይደለም፤ ፊት ለፊት ከሆንን ሳልጨርስ «ተይው ልጄ» ብለው ያስቆሙኛል ብዬ ነው። ይህንን ግን እስከ መጨረሻው እንዲሰሙኝ ፈልጌአለሁ፤ በድዬዎታለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። ቢቆጡ መብትዎ ነው፤ መጥተው ይቆጡኝ። እኔ ቶሎ እማራለሁ፣ እርስዎም ያውቃሉ። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። ካልመጡ የሚቀጥለው ሐሙስም እዚያው ነኝ።

መልስዎን የምትጠብቅ፣
አሁንም በሙከራ ላይ ያለችው